መቀነቴ ገሳይ የቀረችው በላፕቶፕ ምክንያት ነው!

ወገኖቼ፣ ይሄን ነገር ጎረቤቴ እቴነሽ ሳትለጥፈው እኔው ልለጥፈው!

አዎ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር መነኻሪያ ላይ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ያለ መቀነት ከሚኒባስ የወረደችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

እኔው ራሴ!

ወደ ክፉ ሐሳብ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንዴ ስሙኝ። ነገሩ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፕ ነው ስላችሁ!

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ የመቅደስ እናት ነኝ፤ በርበሬና ሽሮ የምሸጠው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በፍርሃት ግን ዲግሪ አለኝ! ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ፤ ሳይጠራ ሲቀር የባሰ እፈራለሁ። ልጄ ጨው ልትገዛ ወጥታ ከዘገየች በሩ ላይ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።

እንግዲህ ይቺ ልጄ መቅዲ አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፣ ባለፈው እየዘለለች ገባች። አዲስ አበባ ያለ አንድ አክሲዮን የሚያገበያይ ድርጅት ሊቀጥራት ነው!

እልል አልኩ። ከዚያ "አክሲዮን ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው እኛ ቤት።

"እማ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት ድርሻ ድርሻ ተደርጎ ለብዙ ሰው ይሸጣል። የደረሰሽ ድርሻ አክሲዮን ይባላል።"

"ቅርጫ ነው በይኛ!"

ሳቀች። "እሺ፣ ቅርጫ ይሁንልሽ። ልዩነቱ በሬው አይታረድም። ድርሻሽን ሲወደድ ትሸጪዋለሽ፣ ሲረክስ ትገዢያለሽ።"

በሬው የማይታረድበት ቅርጫ! ኧረ ይሄማ ከእኛው ይሻላል፤ ሻኛው ለማን ደረሰ ብሎ ጠብ የለበት!

ግን አንድ ነገር አለ። ሥራውን ከቤት ሆና ልትሠራ የምትችለው ሦስት ስክሪን ባንዴ የሚነዳ ላፕቶፕ ካላት ነው አሏት። አንዱ ስክሪን ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ የሚታይበት፣ አንዱ ግዛ ሽጥ የሚባልበት፣ አንዱ ደግሞ ወሬ የሚነበብበት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ሊያዩላት ቀጠሯት።

"ካልተሟላስ?" አልኩ።

"አዲስ አበባ ሄጄ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ።"

አዲስ አበባ!

መንገዱን ታውቁታላችሁ። እኔ ምን ልበላችሁ። አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ።

ስለዚህ ለእኔ ይሄ ላፕቶፕ ዕቃ አልነበረም። ልጄን ደጄ ላይ የሚያቆይ ካስማ ነበር! ለጣራ ገዳም ጧፍ እስከመሳል ደረስኩ። ጸሎቱን የሚያውቅ መነኩሴ ካለ ይፍረድ፤ "ጌታዬ ሆይ፣ ሦስት ስክሪን የሚጎትት ስጠን" ብዬ ነው የተሳልኩት።

ስክሪኖቹን ከተዘጋ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገዝተን ጠረጴዛው ላይ ከደረደርናቸው ቆይተናል። ጠፍተው እንኳ የሚያዩኝ ስለሚመስለኝ ሲመሽ ጋቢ አለብሳቸዋለሁ።

አትሳቁ!

የቀረው ላፕቶፑ ነው። መጀመሪያ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ ገባን። ልጁ አንዱን ከፈተልን፤ ቁልፎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እሳት ይተፋሉ። የጥምቀት ዋዜማ በሉት!

"እማማ፣ ይሄ አውሬ ነው!" አለኝ።

"እኛ አውሬ አይደለም የምንፈልገው፣ የሚጎትት ነው" አልኩት።

መቅዲ አገላብጣ ጎንና ጎኑን አየችው። "ለስክሪን የሚሆነው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። ሦስቱን አይችልም፤ ለጌም ነው የተሠራው።"

ገባኝ! ውበቱ ጸጉሩ ላይ ነው፣ ጫንቃ የለውም ማለት ነው። አያችሁ፣ አባቴ የጋፋት ሰው ነው። በሬ ሊገዛ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ አባቴን ያማክር ነበር። "ቆዳውን ለጌጠኛ ተዉለት፣ እናንተ ደረቱን እዩ" ይል ነበር። በልቤ "እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፣ ላፕቶፕ አያቅተኝም" አልኩ። ጋፋት እኮ ድሮ መድፍ ያቀለጡበት አገር ነው!

ይቺን ትዕቢት ያዙልኝ። ወደ በኋላ ትፈለጋለች።

ከዚያ መቅዲ በስልክ ስታጠያይቅ እዚህ አጠገባችን ካለችው ከገሳይ ከተማ አንድ ተገኘ። ሙሉቀን የሚባል የሕንጻ ንድፍ የሚሠራ ልጅ አዲስ ስለገዛ የድሮውን ለእናቱ ትቶላቸዋል። እናቱ እትዬ አንጓች ይባላሉ። ላፕቶፑ ጥቁር፣ ከባድ፣ አስቀያሚ ነው። ግን ሙሉቀን ሦስት ስክሪን ሰክቶ ዓመት ሙሉ ሠርቶበታል! መቅዲ በስልክ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ራሙ፣ ምኑ፣ ምናምኑ። ስትጨርስ ዓይኗ በራ። ብሩንም በስልክ ላከችለት።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ልታደርግ ስትል ያዝኳት።

"አንቺ ንቅንቅ አትዪም! እኔ እሄዳለሁ።"

"እማ፣ ገሳይ እኮ ቅርብ ነው!"

"ቅርብም መንገድ ነው። እኔን ማን ይወስደኛል? የበርበሬ ነጋዴ!"

ተሸነፈች። "በይ እሺ። ሲበራ እዪው። ቀዳዳዎቹን እዪ። ሲሞቅ ድምጹን ስሚ። ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር ያለውን በሙሉ ይዘሽ ነይ። በሙሉ!"

"እሺ" አልኩ።

እሺ ብዬ ነበር እኮ!

ገሳይ ደረስኩ። እትዬ አንጓች ከእኔ ከፍ ያሉ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ሴት ናቸው። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው መደቡ ላይ አስቀምጠውታል።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። አነሳሁት፣ ክብደቱን መዘንኩ። ገለበጥኩት፣ ሆዱን አየሁ። ከፈትኩት፣ ጥርሱን ቆጠርኩ። አንዷ ቁልፍ ወልቃለች።

"ዕድሜው ገፋ አይደል?" አልኳቸው።

"ጥርስ ሲያወጣ ነው የገዛው፤ አንዷን ሻይ ደፍቶባት ነው" አሉኝ።

"አመልስ አለው?"

"ሲሞቅ ያናፋል እንጂ አመል የለውም።"

"መሐል ላይ አይተኛም?"

"ልጄ! ሙሉቀን ሲያርስበት ውሎ ሲያርስበት ያድራል፤ አንድ ቀን ተኛ ሲል አልሰማሁም!"

ቁጭ ብለን ተሳሳቅን። ላፕቶፕ ነው የምናወራው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቀዳዳዎቹን አየሁ፣ ብዙ ናቸው። አበሩልኝ፣ በራ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ አናፋ። ጎበዝ!

ነጠላው ስር ደግሞ አንዲት ጥቁር ሳጥን አለች፤ ብዙ ገመድ ይዛለች። አጠገቧ ቻርጀሩ ተጠቅልሏል።

እትዬ አንጓች እነሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ድምጻቸው ተለወጠ።

"ልጄ ዛሬ ለአዲስ ሥራ ሩቅ አገር መንገድ ላይ ነው። ገመዱ ከእኔ ዘንድ ይቅር። ገዱ አብሮ ከቤቴ እንዳይወጣ።"

እዚህ ላይ ለከተማ ሰዎች ላስረዳ። አባቴ በሬ ሲሸጥ በሬውን ይሰጣል እንጂ ገመዱን አያስከትልም። ገመዱ ከሄደ የቤቱ ገድ ይከተላል ይባላል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ገመዱን ስጠኝ የሚል ገዢ ነውረኛ ነው!

እኔ ደግሞ ነውረኛ አይደለሁም።

"ይቅር እንጂ እትዬ! ማን ገመድ አስከትሎ ይሸጣል?" አልኳቸው።

ይባስ ብሎ አንዷ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ ቀርታ ነበር። እኔው ነቀልኩ! በሁለት እጄ ሰጠኋቸው! ጎንበስ ብዬ!

እሳቸውም ደስ ብሏቸው ከደጅ እርጥብ ሣር ነጭተው ላፕቶፑ ላይ አኖሩልኝ። "ለልጅሽ ይቅናት" ብለው መረቁኝ። ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። ሁለት እናቶች፣ ደንብ አዋቂዎች!

ሁለት ጉዶች።

ቤት ስደርስ መቅዲ ላፕቶፑን አቅፋ ሳመችው። ከፈተችው፣ በራ! እኔ ወገቤን ይዤ ቆምኩ፤ አባቴን መሰልኩ።

"ጎበዝ እማ! ገመዱስ?"

"ገመዱማ ቀረ።"

"የት ቀረ?"

"በደንቡ ነዋ!"

ቦርሳውን ዘቀዘቀችው።

"ሣሩን ግን አምጥቻለሁ" አልኩ።

ወገኖቼ፣ ልጄ ጮኻብኝ አታውቅም። ዛሬም አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና በቀስታ "እማ፣ እሱ እኮ በሬ አይደለም" አለች።

ያቺ ጥቁር ሳጥን ለካ ዶክ ትባላለች። ሦስቱም ስክሪኖች እሷ ላይ ነው የሚሰኩት፣ እሷ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ። ቀንበር በሏት! ያለ እሷ ስክሪኖቹ ጣውላ ናቸው። ቻርጀሩ ከሌለ ደግሞ ባትሪው አሮጌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አይደርስም። ከተማው ውስጥ ጠየቅን፤ ለዚህ ላፕቶፕ አፍ የሚገጥም የለም።

የድርጅቱ ሰው በቪዲዮ የሚደውልበት ሰዓት እየቀረበ ነው። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ደጄ ላይ ሞተሩን ያስነሳ መሰለኝ!

እትዬ አንጓች ጋ ደወልኩ። አስረዳኋቸው። ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ ነግሬሽ ተስማምተናል። ሙሉቀን ገና መንገድ ላይ ነው። ገዱን አውጥቼ አልሰጥም።"

መቅዲ ወደ ሙሉቀን ደወለች። እሱም ሳቀና ለእናቱ ደወለ። ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

"አንተ ዝም በል! ገዱ ያንተ ነው፣ ጠባቂዋ እኔ ነኝ!"

እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን እሰጥ ነበር? ኧረ አልሰጥም! ችግሩ እሱ ነው። የእሳቸው ፍርሃት የእኔው ፍርሃት ነው፤ እኩያዬን ነው ያገኘሁት።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። መቅዲ "እኔም ልምጣ" ስትል "ንቅንቅ አትዪም!" ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የጠዋቱ ረዳት አየኝ። "እማማ፣ ገሳይን ተከራዩት እንዴ?"

እማማ ያለኝን ይቅር እላለሁ። ሰው ሁሉ መሳቁን ግን አልረሳም!

እትዬ አንጓች ደጃቸው ላይ ጠበቁኝ። ዶኳንና ቻርጀሩን ምሰሶው ላይ አስረዋቸዋል። በደንብ! በሬ የሚፈታው አይደለም!

"እትዬ፣ የእኔም ልጅ መንገድ ልትወጣ ነው" አልኳቸው። "ይሄ ገመድ ካልመጣ ከቤቴ ትሄዳለች። እርስዎ ልጅዎ ሄዶ አይተውታል። እኔ ገና አላየሁትም፤ አልችለውም።"

ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ገመድ ሳይተካ ገመድ አይወጣም" አሉ በመጨረሻ።

እሰይ! ደንቡ በር አለው! ከቦርሳዬ የስልኬን ቻርጀር መዠረጥኩ። ተቀብለው ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጠሩት።

"ይሄ ከብት ቀርቶ ዶሮ አያስርም።"

"ጠንካራ ነው እኮ እትዬ!"

"በፕላስተር ተጠግኗል።"

ልክ ናቸው፣ ተጠግኗል። አካባቢዬን አየሁ። ሌላ ምን ገመድ አለኝ? እትዬ አንጓች ግን ወገቤን እያዩ ነው።

"መቀነትሽ ከማን ናት?"

"ከእናቴ" አልኩ።

"እሷ ትሆናለች።"

ምን ላድርግ? ፈታኋት! እትዬ ተቀበሉ፣ ሳሙ፣ ምሰሶው ላይ አሰሩ። ከዚያ ዶኳንና ቻርጀሩን ፈተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "ልጅሽ ደጅሽ ላይ ትቅርልሽ" አሉኝ። "ልጅዎ በሰላም ይግባልዎ" አልኳቸው። አሜን ተባባልን።

መቀነት የሌላት ሴት ግን መንገድ ላይ ምን እንደምትሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቀሚሴ ረጅም ነው፣ ወገቡ ላይ ሰብስቤ ነበር የማስረው። አሁን መሬት ይጠርጋል! በአንድ እጄ ቀሚሴን፣ በአንድ እጄ ዶኳን ይዤ፣ ቻርጀሩን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወደ ሚኒባስ።

ያው ረዳት!

አይቶኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይሄ ደግሞ ከሳቁ ይብሳል።

መነኻሪያ ስወርድ እቴነሽ ሽንኩርት ትገዛለች። ከሰው ሁሉ እቴነሽ! ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ዓይኗ ወገቤ ላይ ቆመ።

"ውይ የመቅደስ እናት! መቀነትሽን የት ጣልሽው?"

"ገሳይ" አልኩና አለፍኩ። ጊዜ የለኝማ!

ምን ብዬ እንደመለስኩ ልብ ያልኩት መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

ገሳይ?! ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ የተመላለስኩበት ገሳይ?! ባል የሞተባት ሴት፣ መቀነቷን ገሳይ ጥላ?! ዞር ስል እቴነሽ ስልኳን አውጥታለች። አለቀልኝ አልኩ።

ቤት ገባሁ። መቅዲ ዶኳን ሰካች፣ ስክሪኖቹን ሰካች፣ ቻርጀሩን ሰካች። ወዲያው ሰውየው ደወለ።

"ሦስቱንም ክፈቻቸው" አለ።

ተከፈቱ! ቀይና አረንጓዴ መስመር እንደ ዝናብ ወረደ። ቀዩ ሲረክስ ነው፣ አረንጓዴው ሲወደድ ነው። ጋቢ የማለብሳቸው ጣውላዎች ነፍስ ዘሩ!

"እስኪ ሌላም ጨምሪበት" አለ ሰውየው። ላፕቶፑ ማናፋት ጀመረ። ሲያናፋ፣ ሲያናፋ! በር ጥግ የቆምኩት እኔ አላስቻለኝም።

"ሳብ! አይዞህ፣ ሳብ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ደነገጠ። "ማን ናቸው?"

መቅዲ ፊቷን ሳታዞር "የቴክኒክ ድጋፍ ናቸው" አለች።

አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ። እሱ ትንሽ ቆይቶ "ጥሩ ነው፣ አልደከመም። ሰኞ ከቤትሽ ጀምሪ" አለ።

ከቤትሽ አለ! ከቤትሽ!

እልል ልል ሁለት እጄን አነሳሁ። ቀሚሱን የያዘው እጄ ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ረስቼ! ቀሚሱ ወረደ፣ እግሬን ጠለፈኝ፣ ካሜራው ፊት ዘጭ!

ከመሬት ሆኜ እልልታዬን ጨረስኩ። የጀመርኩትን አላቋርጥም።

አሁን ቁጭ ብዬ ጉልበቴን እያሸሁ ነው የምጽፍላችሁ። መቅዲ ስክሪኖቹ ፊት ናት፣ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። ቅድም እትዬ አንጓች ደውለው ነበር። ሙሉቀን በሰላም ገብቷል። "መቀነትሽ ገደኛ ናት፤ አሁን አልመልስልሽም" አሉኝ።

እኔም "ዶኳም ገደኛ ናት፣ አልመልስልዎትም" አልኳቸው።

እቴነሽ፣ ይኸው ሙሉውን አነበብሽ፤ ልትለጥፊ ያሰብሽውን ተዪው! ነገ ለቤተ ክርስቲያን መቀነት ላበድርሽ የምትል ሌላ ጎረቤት ካለች ግን ደጄ ክፍት ነው። አራት ነጥብ ሳይቀር ሁሉን ነግሬያችኋለሁ፤ በሉ እናንተው ፍረዱ፦ ያበደችው ገመዱን ምሰሶ ላይ ያሰረችው እናት ናት፣ ወይስ መቀነቷን ፈታ የሰጠችው?